በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ የቅዳሜና እሑድ የወፍ ቆጠራ፦ የአንድ ክበብ አገልግሎት ሲመዘን

ደብረ ብርሃን ለሚኖር፣ ወይም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ቅዳሜና እሑድን ማሳለፍ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ በከተማችን ያለው የወፍ ተመልካቾች ክበብ የሚያዘጋጀው የወፍ ቆጠራ ከብዙ መዝናኛዎች የሚመረጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና አልፎ አልፎም ከእናቴ ጋር በተለያዩ ወቅቶች ስለተሳተፍኩበት፣ ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚጎድለውና ለማን እንደሚስማማ በዝርዝር ማስረዳት እፈልጋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ቆጠራው በሥርዓት የሚካሄድ፣ ለልጆች እውነተኛ ሥራ የሚሰጥና ለሚከፈለው መዋጮ ከሚገባው በላይ የሚክስ አገልግሎት ነው። አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለበት፤ የተቆጠረው ውጤት ለቆጠሩት ሰዎችና ለመሬቱ ባለቤቶች ተመልሶ አይነገርም።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ይህ ጉብኝት አለመሆኑ ነው። በጉብኝት ጊዜ አስጎብኚው ብርቅ የሆነውን ወፍ ፍለጋ ይዞን ይዞራል፤ ካገኘን ደስ ይለናል፣ ካጣን ወደ ሌላ ቦታ እንሄዳለን። በቆጠራ ግን መንገዱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አምና በተቆመበት ቦታ ዘንድሮም ይቆማል፤ አምና በተጀመረበት ሰዓት ዘንድሮም ይጀመራል፤ ወፍ ቢበዛም ቢያንስም የሚቆይበት ደቂቃ አይለወጥም። ይህ ጥንቃቄ ባይኖር፣ ዘንድሮ ብዙ ዝይ ያየነው ዝይ ስለበዛ ይሁን ወይስ ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆምን መለየት አይቻልም ነበር። አንዳንድ ተሳታፊዎች ይህን ሳይረዱ ይመጡና “ለምን ወደዚያኛው ጫካ አንሄድም?” እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ክበቡ በምዝገባ ጊዜ የሥራውን ጠባይ በግልጽ ቢያስረዳ ይህ ቅሬታ አይነሳም።

ሥራው የሚጀመረው ፀሐይ እንደወጣች፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት ከንጋት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት በመሆኑ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው የቀኑን ዋና ክፍል ያጣል። ተሳታፊዎች በትናንሽ ቡድኖች ተከፍለው በበሬሳ ወንዝ ዳርቻ፣ በረግረጉና በገብስ ማሳው ጠርዝ በተወሰኑት መቆሚያዎች ላይ በእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይቆማሉ። አንዱ ያያል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል። ክበቡ የጸሐፊነቱን ሥራ ለልጆች የሚሰጥ መሆኑ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ነገር ነው። ልጆች ከአዋቂ ኋላ እየተጎተቱ “ዝም በሉ” የሚባሉ ተከታዮች አይሆኑም፤ ወረቀቱ በእጃቸው ስለሆነ ሌላው ሰው የእነርሱን እስክሪብቶ ይጠብቃል።

የቡድናችን መሪ ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህር ናቸው። አንድ ቀን ነፋሱ በርትቶ በአንዱ መቆሚያ ላይ አሥሩ ደቂቃ ሙሉ ምንም ወፍ ሳይታይ አለፈ። ታናሹ ልጄ ባዶውን መስመር እያየ “ጋሼ፣ ምንም የለም እኮ፤ ዝም ብዬ ልለፈው?” ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጎንበስ ብለው “አይ፣ አትለፈው የኔ ልጅ። ዜሮ ብለህ ጻፍ፤ ሰዓቱንም ጻፍ። ባዶ ከተውከው እኮ አልመጡም ይሉናል” አሉት። ልጁ ዜሮዋን በጥንቃቄ ክብ አድርጎ ጻፋት። በእርግጥም ወፍ ያልታየበት መቆሚያ ተመዝግቦ ካልቀረ፣ ከዓመታት በኋላ መረጃውን የሚያይ ሰው ረግረጉ መቼ ባዶ መሆን እንደጀመረ ማወቂያ አያገኝም። ብዙ አዋቂዎች የሚያዩትን ብቻ መጻፍ ስለሚቀናቸው፣ ይህን ልማድ በልጅነት መያዝ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የብዛት ግምት የሚያስተምሩበት መንገድም ሊነገርለት ይገባል። አንድ ሺህ ወፍ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም፤ ቆጣሪው በዓይኑ አሥር ወይም ሃምሳ ያህሉን ከልሎ፣ የመንጋው ስፋት የዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ መገመት አለበት። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ወደ ወንዝ ከመውረዳችን በፊት ሰፌድ ያስዘረጉና እፍኝ ገብስ ይበትኑበታል፤ ልጆቹ ለአፍታ ካዩት በኋላ በነጠላ ይሸፍኑትና ግምታቸውን ያስጽፏቸዋል፤ ከዚያም ነጠላው ተነስቶ ገብሱ በእውነት ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ ግምቱ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ቁጥር ያንሳል፤ ፍሬዎቹ ተቀራርበው ሲወድቁ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ግን የልጆቹ ግምት ከአዋቂዎቹ ይልቅ ለእውነተኛው ቁጥር የቀረበ ሲሆን አይቻለሁ። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ሰፌድና ገብስ ብቻ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ሊሠራበት የሚችል ዘዴ ነው።

በከተማው አቅራቢያ የሚታዩት ወፎች ብቻ እንኳን ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖሩ በርካታ ወፎች እዚሁ ደጃችን አሉ። ከመንቆሯ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልባትና ስትበር የምትጮኸው አይቢስ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ወፍራም መንቆር ያለው ቁራ፣ ከዓለት ስንጥቅና ከቤት ጣሪያ የማትጠፋው ባለ ነጭ አንገትጌ ርግብ፣ በግጦሽ መሬት ላይ የሚራመደውና ቢጫ ጉሮሮው በጥቁር ሐብል የተከበበው ሎንግክሎ በየዕለቱ የምናልፋቸው ናቸው። ልጆቼ ቁራውን ከመወለዳቸው ጀምሮ ያዩታል፤ ከአገራችንና ከጎረቤቷ ውጭ እንደማይገኝ ያወቁት ግን በዚህ ቆጠራ ነው።

ስለ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ቆጠራ ዋና ምክንያት እርሱ ነውና። ይህ ዝይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው። ላባው እንደ ሌሎች ዝዮች ገላው ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ወፍራምና ልል ነው፤ ይህም የደጋውን ብርድ ለመቋቋም እንደሚረዳው ይታመናል። ቆሞም ሲራመድም አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ ያሳርፋል፤ በርቀት ለሚያየው ሰው አንገት የሌለው ግራጫማ ድንጋይ ይመስላል። ስሙን ያገኘበት ፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም ክንፉ ታጥፎ ሳለ እምብዛም አይታይም። ከተቀመጡት ዝዮች አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ ግን ቀለሙ ድንገት ይገለጣል፤ ታላቋ ልጄ ያን ጊዜ ባይኖኩላሩን ከዓይኗ ሳታነሳ “እማዬ፣ እዪው! እዪው!” ስትል እናቴን ሳይቀር አስደንግጣ ነበር። ወፉ የሚኖረው በደጋ ረግረግና በወንዝ ዳር ሣር ላይ ነው፤ ረግረጉ ሲጠነፍፍ፣ ሲታረስ ወይም በባሕር ዛፍ ሲሸፈን የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም። በዚያው ረግረግ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ እያነሳ ከሥሩ ያለውን ነጭ የሚያሳየው የሩዤ ሬል የተባለው የረግረግ ወፍም ይኖራል፤ እርሱም ከረግረጉ መጥፋት የተነሳ ለመጥፋት አደጋ የተቃረቡ ተብለው ከተመዘገቡት ወፎች አንዱ ነው።

ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች ይታከላሉ። ጭራቸውን የሚያወዛውዙት ቢጫ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር ነፍሳት ሲለቅሙ ይታያሉ፤ ዳክዬዎች በኩሬው ላይ ያርፋሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን ትላልቆቹ የስቴፕ ንስሮች በምሥራቁ ገደል ጫፍ ላይ ሞቃቱን አየር ተከትለው ሲያልፉ ማየት የበልግና የክረምት ቆጠራ የማይሰጠው ዕድል ነው።

እናቴ በቆጠራው የምትገኘው እግሯ ሲፈቅድላት ብቻ ቢሆንም፣ መገኘቷ ለቡድኑ ጠቅሟል። የልጅነት ዘመኗን ያሳለፈችው እዚያው ወንዝ አካባቢ በመሆኑ፣ ዛሬ ስንዴ የሚዘራበት ሜዳ ከብት እንኳን የሚሰምጥበት ረግረግ እንደነበረ፣ ሰው ከብት በሚያርድበት ዕለት ጆፌ አሞራ ሰማዩን ሞልቶ ይወርድ እንደነበረ በቦታው ቆማ ታስረዳለች። መምህሩ “እማማ፣ ይህ ከስንት ዘመን በፊት ነው?” እያሉ ይጠይቋታል፤ እርሷም ዘመኑን በነገሠው፣ በተወለደው ወይም በተዳረው ሰው ትለካላቸዋለች። መምህሩ በማስታወሻቸው ይጽፉታል። ጆፌ አሞሮች በመላው አፍሪካ በእጅጉ የቀነሱት በዋናነት በመርዝ ምክንያት በመሆኑ፣ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ምን ያህል ወፍ እንደሚጨርስ በዚያው ተነስቶ ተወያየንበት። ክበቡ ለአዛውንቶች ቦታ የሚሰጥ መሆኑን እዚህ ላይ መመስከር አለብኝ፤ አጠር ያለ መንገድና መቀመጫ በርጩማ ተዘጋጅቶላቸዋል።

ክበቡ ከከተማው ዙሪያ በተጨማሪ መንገዱና የጸጥታው ሁኔታ ሲፈቅድ ራቅ ወዳሉ ቦታዎችም ይወጣል። ከእነዚህ መካከል ለቤተሰብ የምመክረው አንኮበርን ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲደረስ፣ ከታች የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጢማሙ አሞራ ከእግራችን በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ይህ ወፍ አጥንት ከከፍታ ላይ ዓለት ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላ መሆኑን ለልጆች ማስረዳት አያስቸግርም፤ አንዴ ሲያዩት ይገባቸዋል። የአንኮበር ሰሪን የምትባለው ትንሽ ቡናማ ወፍ ደግሞ ለሳይንስ የታወቀችው በቅርብ ጊዜ ነው፤ የወፍ ተመራማሪው ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አጠገብ አገኛት፤ ስሟም እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣላት። ቀለሟ አያምርም፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ሣር በተመነመነበት መሬት በቡድን ሆና ዘር ስትለቅም ከአፈሩ ለመለየት ያስቸግራል። ለዚህም ነው ትዕግሥት የሌለው ልጅ በዚህ መቆሚያ ላይ የሚሰለቸው፤ ለትናንሽ ልጆች ከዚያ ይልቅ የወፍ ዋሻ ደን ጠርዝ ይሻላል። የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደል፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ለወፎች ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡት 69 የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነው።

የመንዝ ጓሳ ጉዞ ግን ለቤተሰብ ከበድ ይላል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ በመሆኑ ብርዱ ይጸናል፤ መንገዱም ልጆችን ያደክማል። ሆኖም ትልልቅ ልጆች ያሏቸው ወላጆች እንዳያመልጣቸው እላለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ የሚታየው ወፍና ጭላዳ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ የጠበቀው መሬት ነው። የአካባቢው አቅኚ አባቶች የአስቦና የገራ ዘሮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉና በተወሰነ ጊዜ እየከፈቱ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም፣ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። ቆጣሪ ሆኖ የሚሄድ ሰው ይህን ታሪክ ከአካባቢው ጠባቂዎች አፍ መስማት አለበት፤ የክበቡ መሪዎች ለዚህ በቂ ጊዜ አለመመደባቸው ቅር አሰኝቶኛል።

ስለ መሣሪያ ከተነሳ፣ ክበቡ የሚያውሳቸው ባይኖኩላሮች ጥሩ ቢሆኑም ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ በአንድ ቡድን ሦስት ወይም አራት ሰው ተራ እየጠበቀ ያያል። ለራሱ መግዛት የሚፈልግ ወላጅ 8 በ42 የሚባለውን፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያቀርበውንና የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቢመርጥ ይሻላል። 10 በ42 ነገሩን ይበልጥ ቢያቀርብም የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል፤ የሚያሳየውም ስፋት ጠባብ በመሆኑ ልጅ ወፉን በውስጡ ለማግኘት ይቸገራል። ከልጆቹ ፊት ጋር እንዲስማማ ሁለቱን መመልከቻዎች አቀራርቦ ማስተካከል፣ ማሰሪያውንም ማሳጠር አይዘንጋ። ቴሌስኮፑ አንድ ብቻ ነው፤ በዝይ ቆጠራ ላይ ግን ያለ እርሱ አይሆንም። የመመዝገቢያ ቅጹ የወፍ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ብቻ መዘጋጀቱ ጸሐፊ ለሚሆኑት ልጆች እንቅፋት ነው፤ መምህሩ በቃል እየተረጎሙ ያግዟቸዋል እንጂ በአማርኛ የተጻፈና ሥዕል ያለበት ቅጽ ቢዘጋጅ ሥራው ይፈጥናል፣ ስሕተቱም ይቀንሳል።

መስተንግዶውን በአጭሩ ልለፈው። ከቆጠራው በኋላ ቡና፣ ዳቦና ቆሎ ይቀርባል፤ በቂ ነው። ትራንስፖርቱ ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ክበቡ የሚከራየው ሚኒባስ ዘግይቶ ስለመጣ ፀሐይ ከወጣች ብዙ ቆይቶ የጀመርንበት ጊዜ አለ፤ ይህም ሰዓት ማክበር የሥራው መሠረት ለሆነበት ቆጠራ ቀላል ጉዳት አይደለም። መጸዳጃ በሌለባቸው መቆሚያዎች ለሴቶችና ለልጆች ምን እንደታሰበ አስቀድሞ መነገር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልመለስ። ቅጾቹ በቀኑ መጨረሻ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለእነርሱ የሚነግረን የለም። ልጄ ያቺን ዜሮ የጻፈበት ወረቀት የት ደረሰ? ዝዮቹስ ካለፈው ዓመት ጨመሩ ወይስ ቀነሱ? ይህን ደጋግሜ ብጠይቅም “መረጃው ተልኳል” ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም። መላኩ በራሱ መልካም ነው፤ ዓለም አቀፉ የውኃ አእዋፍ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየው በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ቁጥራቸውን ስለሚልኩ ነው፤ ኢበርድን በመሰለ ነጻ የስልክ መተግበሪያ የሚላክ መረጃም ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩ ወደ ውጭ ሄዶ ወደ በሬሳ ዳር ካልተመለሰ፣ ረግረጉን ማረስ ወይም መተው በእጁ የሆነው ገበሬ ምንም አያውቅም።

ይህንም በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ገበሬ በማሳው ጠርዝ ቆመን ሲያገኘን “ደህና አደራችሁ? ምን ጠፍቷችሁ ነው?” ብሎ ጠየቀን። መምህሩ ዝይ እየቆጠርን መሆኑን ሲነግሩት፣ ዝዮቹ ማታ ማታ ከየትኛው ቦታ ወጥተው እንደሚግጡ፣ ጎጇቸውን በየትኛው ሣር ውስጥ እንዳገኘና እረኞች እንቁላሉን እንዳይነኩ እንዴት እንደሚቆጣ እየዘረዘረ አስረዳን። “ስንት ሆኑ ታዲያ?” ብሎ ሲጠይቅ ግን የዚያን ዕለት ቁጥር ከመንገር በቀር ያለፈውን ዓመት የሚያስታውስ አልነበረም። ከእኛ ሁሉ በላይ ወፎቹን የሚያውቀው ሰው ከቆጠራው ምንም አላገኘም። ክበቡ በየዓመቱ የእያንዳንዱን መቆሚያ ውጤት በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ለተሳታፊ ቤተሰቦች ቢሰጥ፣ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢለጥፍና በዕድር ስብሰባ ላይ ቢያነብ ወጪው ከወረቀት አያልፍም። ይህን ለክበቡ አመራር በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ለመሳተፍ የሚያስብ ቤተሰብ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ጥር ነው፤ የውኃ ወፎች ቆጠራ በመላው ዓለም የሚካሄድበት ወር በመሆኑ ሁሉም ቡድኖች ይወጣሉ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ውርጩ ግን ይበረታልና ለልጆች ወፍራም ካልሲ፣ ጓንትና ኮፍያ፣ ለአዛውንት ደግሞ ጋቢ ወይም ባና ያስፈልጋል። ደማቅ ቀይና ነጭ ልብስ ወፍ ስለሚያርቅ አይመከርም። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሦስት መቆሚያ በላይ ስለሚሰለቹ አጭሩን መንገድ መጠየቅ ይቻላል። ለአዋቂ የሚከፈለው መዋጮ መጠነኛ ሲሆን ልጆች አይከፍሉም፤ ምዝገባው እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ነው፤ ባይኖኩላር የሌለው ሰው ሲመዘገብ ቢናገር አንድ ሊቀመጥለት ይችላል።